ጣሪያ ላይ የተጻፈው ስም

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም፤ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል። ስልካችሁንም አጥፉት፣ ባትሪው ለነገ ይቆያችሁ። የማወራውን ለመስማት ጆሮ እንጂ ዓይን አያስፈልግም። በሩን ዘግታችኋል? ጥሩ። እንግዲህ ከውጭ የሚጣራ ሰው ቢኖር፣ ስማችሁን ለይቶ ቢጠራ እንኳ፣ ወሬዬን እስክጨርስ ድረስ ማንም አቤት እንዳይል።

ታሪኩ የእኛ አገር አይደለም፣ የአውሮፓ ነው። ምነው ሳቃችሁ? ፈረንጅ መንፈስ የለውም ያላችሁ ማነው? አለው። እንዲያውም የእነሱ መንፈስ ሰዓት ያከብራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወረፋ ይይዛል። የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው። በወጣትነቴ የአውሮፕላን ጥገና ልማር እዚያ የሄድኩ ጊዜ ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው የነገረኝ። እሱ ደግሞ ካባቱ ሰማው። እውነት ይሁን ውሸት እሱን ጠይቁት፤ ሞቷል።

እንግዲህ ሰዓቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ወሩ ጉም የሚበዛበት ወር ነው። አንድ መንገድ አለ። መንገዱ ከአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ይነሳል፣ ሐዲዱን ተከትሎ በጫካ መካከል ያልፋል፣ ከተራራው ሥር ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ሐዲዱ ዋሻው ውስጥ ይገባል። መንገዱ ግን እዚያው ይቀራል። በዚያ መንገድ በየምሽቱ አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ ይሄዳል። መንገዱ ጠባብ፣ ጫካው ጥቁር፣ ሰውየው ብቻውን።

የሰውየው ስም ቫልበርት ነው። ስሙን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ስም ነው። የመንደሯን ስም ግን አልነግራችሁም፤ ረጅም ነው፣ እኔም አፌ ላይ አይገባም።

ቫልበርት የጣቢያው ጠባቂ ነበር። ሥራው ምን ነበር? ባቡር ሲመጣ ወጥቶ መቆም፣ ባንዲራ ማሳየት፣ ባቡሩ ሲያልፍ ባንዲራውን ጠቅልሎ መግባት። ማታ ማታ የመጨረሻው ባቡር ካለፈ በኋላ ደግሞ ዋሻው አፍ ድረስ ሄዶ የምልክቱን መብራት ዘይት መሙላት። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ሠራ። ባቡሩስ ይቆም ነበር? አይቆምም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እዚያች ጣቢያ የወረደ ተሳፋሪ አንድም የለም። በመስኮት የሚያዩት ሰዎች ግንድ እንደሚያዩ አይተውት ያልፋሉ። የመንደሩ ሰው «ባንዲራው» ነው የሚለው። ከዋናው ቢሮ የሚመጣው ደብዳቤም «ለጣቢያው ጠባቂ» ብሎ ይጀምራል። በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ኦቲሊ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ ነው።

አትሳቁበት። ሰው ስሙን የሚጠራለት ሲያጣ ያመዋል። ቫልበርትንም ያመው ነበር። ማታ ያን መንገድ ሲሄድ አንዳንዴ የራሱን ስም ለራሱ እየጠራ፣ «አቤት» እያለ ራሱ ይመልስ እንደነበር ኦቲሊ በኋላ ተናግራለች።

በዚያ ዘመን ነው እንግዲህ ሰው በአውሮፕላን መሳፈር የጀመረው። የዛሬውን አውሮፕላን እንዳታስቡ። እንጨትና ጨርቅ ነው። ተሳፋሪው ስድስት ወይም ሰባት ቢሆን ነው። ከመሳፈሩ በፊት ከነሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል፣ የተጎነጎነ ወንበር ላይ ይቀመጥና ጸሎቱን ይጀምራል። ፓይለቱ የሚቀመጠው ውጭ ነው፤ ዝናቡም ነፋሱም የእሱ ድርሻ ነው። ሬዲዮ የለ፣ ምን የለ። ታዲያ መንገዱን በምን ያውቃል? በባቡር ሐዲድ። ጉም ሲመጣበት ዝቅ ይልና ሐዲዱን ይከተላል። ጣቢያ ሲያገኝ የበለጠ ዝቅ ብሎ የጣቢያውን ስም ያነባል፣ ካርታው ላይ ጣቱን ያሳርፋል፣ ይቀጥላል። የመጀመሪያ ቀን ሥራው እንደሆነ የታክሲ ሾፌር፣ በየማዞሪያው ስም እየጠየቀ ነው የሚሄደው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሐዲድ ተራራ ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል? ዋሻ ይገባል። አውሮፕላንስ? አውሮፕላን ዋሻ አይገባም። ስለዚህ ከተራራው በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ጣቢያ ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። ስሟን ያነበበ ፓይለት «ከዚህ ወዲያ ተራራ ነው» ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ያላነበበ ሐዲዱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጣቢያ የማን ነበረች? የቫልበርት።

አንድ ቀን ከዋናው ቢሮ ሁለት ባልዲ ነጭ ቀለም፣ አንድ ትልቅ ብሩሽና አንድ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው አጭር ነበር። በጣቢያው ጣሪያ ላይ ከሰማይ የሚነበብ ስም ይጻፍ፤ የእያንዳንዱ ፊደል ቁመት የሰው ቁመት ያህል ይሁን፤ በሳምንት ውስጥ ይጠናቀቅ። ለምን እንደሚጻፍ አልተገለጸም። ቢሮ ምክንያት ጽፎ የሚያውቀው የት ነው?

ቫልበርት ጣሪያው ላይ ወጥቶ በእርምጃ ለካ። በእነሱ አጻጻፍ የመንደሯ ስም አሥራ አራት ፊደል ነው። ጣሪያው የሚይዘው ሰባት ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ አሰበ። ደግሞ ቆመና ለካ። የማን ስም ሰባት ፊደል ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የእሱ። ደብዳቤውን አውጥቶ እንደገና አነበበው። «ስም ይጻፍ» ይላል። የማን ስም እንደሆነ አይልም።

ሰማዩን አየ። ባዶ ነበር። ብሩሹን ነከረ።

ኦቲሊ ሁለተኛውን ባልዲ ልታቀብለው መሰላሉን ስትወጣ አየችው። ማንበብ ትችላለች። ይህ የአንተ ስም አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ለጊዜው ነው አላት፤ ጣሪያውን ካስረዘምኩት በኋላ የመንደሯን እጽፋለሁ። «ለጊዜው» የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ እናንተም ታውቃላችሁ። ከታች ያለው ድልድያችንም ለጊዜው ነው የተሠራው። ለማንኛውም ከመሬት ሆኖ ጣሪያ የሚያነብ ሰው የለም፤ ነገሩ በባልና ሚስቱ መካከል ቀረ።

ከዚያ በኋላ የቫልበርት ሕይወት ተለወጠ። በጠራ ቀን አውሮፕላን ሲመጣ ሮጦ ይወጣል። ፓይለቱ ዝቅ ይላል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ካርታውን ያያል፣ እንደገና ጣሪያውን ያያል። ቫልበርት ኮፍያውን ያወዛውዛል። ፓይለቱም ግራ ገብቶት እጁን ያወዛውዛል፤ ቀኑ ጥርት ያለ ነውና ተራራውን ራሱ አይቶት በላዩ ያልፋል። ቫልበርት ግን ሰላምታ መስሎት ደስ ብሎት ይገባል። ያን ሰሞን እራት ሲበላ ያፏጭ ነበር።

ከዚያ ጉሙ መጣ። አራት ቀን ሙሉ ተኛ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቫልበርት ወጣ። አውሮፕላኑ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፣ ጣቢያውን አንዴ ዞረው። ቫልበርት ኮፍያውን አወለቀ። ሁለተኛ ዞረ። ቫልበርት ኮፍያውን አወዛወዘ። ሦስተኛ ሲዞር ኦቲሊን ነይ እዪ ብሎ ጠራት። በአራተኛው ዙር አውሮፕላኑ በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሳ በመስኮት የሰዎቹ ፊት ታየ። ፓይለቱ በጎን ጎንበስ ብሎ ጣሪያውን እያነበበ ነበር። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ጮኾ ጠየቀ። ቫልበርት ሰማው። የጮኸው የእሱን ስም ነበር።

ቫልበርት በደስታ «አቤት» አለ።

አውሮፕላኑም ቀና ብሎ ሐዲዱን ያዘ። ሐዲዱ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ተራራው። ድምፁ ራቀ፣ ራቀ፣ ከዚያ ቆመ። እየደከመ ሄዶ አልነበረም የቆመው፤ ባንዴ ነው። ቫልበርት ኮፍያውን እንዳነሳ ቀረ።

ቅርብ እሱ ስለነበር ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ሰባት ተሳፋሪና አንድ ፓይለት፤ የተረፈ አልነበረም። የፓይለቱ ካርታ ሣሩ ላይ ወድቋል። ካርታው ላይ ከሐዲዱ መስመር አጠገብ በእርሳስ ተጽፏል፤ «ቫልበርት?» ይላል፣ ከነጥያቄ ምልክቱ። ሰውየው በሕይወቱ ስሙን በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ካርታውን አጥፎ ቦት ጫማው ውስጥ ከተተው። ሌላው ሰው ከመንደር ሲደርስ እሱ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ ሰዉም ደግ ሰው ነው አለ።

ያን ማታ ካርታውን ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ከዚያም ፋኖስ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ስሙን በሬንጅ አጠፋው፣ የመንደሯን ስም በነጭ ቀለም ጻፈ። በሁለት መስመር ሲከፈል ልክክ ብሎ ገባ። ለካ ይቻል ነበር።

ኦቲሊ ከታች መሰላሉን ይዛ ነበር። ሲወርድ ፊቱን አላየችውም።

መርማሪዎቹ በሦስተኛው ቀን መጡ። መሰላሉን ወጡ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ጻፉ። እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ጣሪያ በመስመሩ ሁሉ አላየንም አሉ። ጥፋቱ የፓይለቱ ነው ተባለ፤ ግልጽ ሆኖ የተጻፈ ስም ማንበብ ያቃተው ምናልባት ጠጥቶ ይሆናል ብለው ጨመሩበት። ጋዜጣው ደግሞ «ምናልባት»ን አወጣና የቀረውን አተመ። ለቫልበርት የምስጋና ደብዳቤ መጣለት። አጀማመሩ ምን ይል ነበር መሰላችሁ? «ለተከበሩ አቶ ቫልበርት።» ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው ደብዳቤ ነው፤ አንብቦ መሳቢያ ውስጥ ዘጋበት።

በወሩ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከከተማ በጋሪ መጣች። የፓይለቱ ሚስት ናት። ባሏ መጠጥ በአፉ እንዳልዞረ፣ መስመሩ አዲስ ቢሆንበትም ስም አንብቦ እንደማይሳሳት ነገረችው። መሰላሉን ለምና ወጣች፣ ጣሪያውን አየች፣ ወረደች።

«ያን ቀንም እንዲህ ይነበብ ነበር?» አለችው።

እዚህ ላይ ሰውየው እውነቱን ቢናገር ኖሮ እኛ አሁን ተኝተን ነበር። አልተናገረም።

«ይነበብ ነበር፣ እመቤቴ» አላት።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእሱ ነው ማለት ነው» አለችና ጋሪዋ ላይ ወጣች። የልጆቿ አባት በሰካራምነት ተመዝግቦ ቀረ።

ዓመት አለፈ። ጉሙ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ምሽት ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። ሰዓቱ አራት ሰዓት ነው። ቫልበርት የዋሻውን መብራት ሞልቶ ሲመለስ ከሩቅ የሞተር ድምፅ ሰማ። ቆመ። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ማታ አይበርም። ያውም በጉም። ድምፁ ከላዩ ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ ወደ ተራራው ሄደና ባንዴ ቆመ። ቫልበርት ነፋስ ነው አለ። ነፋስ አልነበረም፤ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም።

በሁለተኛው ምሽት ሽታ መጣ። የተቃጠለ ዘይትና የረጠበ ቆዳ ሽታ። ቫልበርት ፋኖሱ ነው አለ።

በሦስተኛው ምሽት ጥሪው መጣ። መንገዱ ጠባብ፣ ጫካው ጥቁር፣ ሰውየው ብቻውን። ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ «ቫልበርት» አለ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አዎ፣ ማታ ሲጠሩህ እስከ ሦስተኛው አቤት አትበል ብለውናል። እሱም ዝም አለ። ድምፁ ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። አጠራሩ ግን ሰው የሚጠሩበት ዓይነት አልነበረም። የአውቶቡስ ረዳት የፌርማታ ስም ሲጠራ ሰምታችሁ የለ? እንደዚያ ነበር።

ቫልበርት ፋኖሱን ከፍ አደረገ። መጀመሪያ ሁለት ቦት ጫማ ታየ። ከዚያ ረጅም የቆዳ ካፖርት ታየ። ከዚያ ሁለት እጅ፣ እጆቹ ላይ ደግሞ ካርታ። የካርታው ዳር ዳር በእሳት ተበልቷል፤ አንዱ ጥግ አሁንም ይጨሳል። በመጨረሻ ፊቱ መጣ። የቆዳ ቆብ አድርጓል፣ ትልቅ መነጽር ግንባሩ ላይ አለ። ቁጡ ፊት አልነበረም። የደከመው ጨዋ ሰው ፊት ነበር። ከኋላው በጉሙ ውስጥ ሰባት ሰዎች ሻንጣ ይዘው ተሰልፈው ቆመዋል።

«በጣም ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለ ፓይለቱ። «እንደ ዘገየን አውቃለሁ። ቫልበርት የሚባል አገር እየፈለግን ነው። ጣሪያ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ካርታዬ ላይ ግን የለም። ያውቁታል?»

ተመልከቱ እንግዲህ። ቫልበርት ዓመቱን ሙሉ ተበቃይ ነበር የጠበቀው። የመጣው መንገድ ጠያቂ ነው። ሊሸሽ አልቻለም፤ ጨዋ ሰው ይቅርታ ብሎ ሲጠይቅህ እንዴት ትሮጣለህ?

እንዲህ የሚባል አገር አላውቅም አለ ቫልበርት። ፓይለቱ አመሰገነ። እንግዲያው ሐዲዱን ተከትለን እንቀጥላለን ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ከተሰለፉት አንዱ፣ ወፍራም ነጋዴ ቢጤ፣ ለኩባንያው አቤቱታ እጽፋለሁ ሲል ተሰማ። ጉሙ ዘጋቸው። ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ወደ ተራራው ሄደ። ቫልበርት ሁለት ጆሮውን በእጁ ያዘ። ቢይዘውም ሰማው፤ ድምፁ ባንዴ ቆመ። ግን ያን ጊዜ ከመቆሙ በፊት አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማ።

በማግሥቱም መጡ። እንደገና ይቅርታ፣ እንደገና ካርታው፣ እንደገና ጥያቄው። ቫልበርት ከተራራው ማዶ ነው አለ፤ ርቀው ይሂዱልኝ ብሎ ነው። እንግዲያው ሐዲዱ ያደርሰናል አለ ፓይለቱ። ሄዱ። ድምፁ ተራራው ላይ ቆመ። ይህን ጊዜ የጮኹት ሁለት ነበሩ።

በአምስተኛው ምሽት ወደ ኋላ ተመለሱ አላቸው። ወደ ኋላ የተመለሱ መሰለው። ድምፁ ግን ዞሮ ዞሮ እዚያው ተራራ ላይ ሄዶ ቆመ። የሞተ አውሮፕላን ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም፤ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። እንዲህ እያለ በየምሽቱ ስምንት ሰው ይገድል ጀመር። ዓመት ሙሉ አንዴ ገደልኳቸው እያለ ነበር የተጸጸተው። አሁን ግን በየማታው፣ በራሱ አፍ፣ ፊታቸውን እያየ።

ለምን ሥራውን አልተወም ትሉኝ ይሆናል። ቢተው አዲስ ጠባቂ ይመጣል፣ ያንን ሰው ይጠይቁታል፣ ያ ሰው ደግሞ «ቫልበርትማ ሰው ነው፣ ከኔ በፊት እዚህ የነበረ» ይላል። ስሙ ይወጣል። ቫልበርት ስሙ እንዳይወጣ ሲል በየምሽቱ ሄደ።

ኦቲሊ ግን ሌሊት ሲቃዥ ሁሉን ሰምታ ነበር። አንድ ማታ ፋኖሱን ለኩሳ ሰጠችውና በሩ ላይ ቆመች።

«ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ማን እንደሆንክ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው እንዲያውቅልህ ስትፈልግ የኖርከውን።»

እሱም ከነገርኳቸው ይገድሉኛል አላት። ባሏን ትወደው ነበር፤ ያን ማታ ግን ከእሱ ይልቅ ያቺን ጥቁር የለበሰች ሴት ነበር የምታስበው። በሩን ዘጋችው።

ሄደ። መንገዱ ጠባብ፣ ጫካው ጥቁር፣ ሰውየው ብቻውን። ያን ማታ ድምፁ እስኪጠራው አልጠበቀም። መሐል መንገድ ላይ ፋኖሱን መሬት አስቀምጦ ቆመ። መጡ። ቦት ጫማው፣ ካፖርቱ፣ ካርታው፣ ፊቱ። ተሳፋሪዎቹ ከወትሮው ቀርበዋል። አንዲት ሴት ጥጡን ከጆሮዋ እያወጣች ስንት ሰዓት ይቀረናል ብላ ትጠይቃለች። አንድ ሽማግሌ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል።

«በጣም ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለ ፓይለቱ። «ደጋግሜ አስቸገርኩዎት። ተሳፋሪዎቼ ደክሟቸዋል። ነዳጄም አልቋል። ዛሬ የመጨረሻ ሙከራዬ ነው። ቫልበርት የት ነው?»

ቫልበርት አፉን ከፈተ። ውሸቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ለምዶታል። ከዚያ የሽማግሌውን ሻንጣ አየ። ሻንጣው ላይ የሽማግሌው ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል፣ በጥንቃቄ፣ ፊደል በፊደል።

«ቫልበርት አገር አይደለም» አለ። «ቫልበርት እኔ ነኝ። ስሜን ጣሪያው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተን የገደልኳችሁ እኔ ነኝ።»

ቫልበርት ዓይኑን ጨፍኖ የሚመጣበትን ጠበቀ። ምቱን ጠበቀ፣ እርግማኑን ጠበቀ። የሰማው ግን እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ነው። ዓይኑን ገለጠ። ፓይለቱ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የጥያቄ ምልክቱን እየሰረዘ ነበር። ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ከሁሉም ይብስ ነበር።

ፓይለቱ ወደ ሰልፉ ዞረ።

«ክቡራንና ክቡራት ተሳፋሪዎቻችን» አለ። «ቫልበርት ደርሰናል። ሻንጣችሁን ሳትረሱ በተራ በተራ ውረዱ።»

ወረዱ። መጀመሪያ ወፍራሙ ነጋዴ መጣ፣ ሻንጣውን አንስቶ ቫልበርት ደረት ላይ ረገጠና ገባ። አዎ፣ ገባ። ቤት እንደሚገባ ሰው። ቫልበርት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጡ የፈሰሰ መሰለው። ቀጥላ ሴትዮዋ፤ አመሰግናለሁ ብላ ገባች። ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ አንዱ አንዱን እያስቀደመ፣ ሳይጋፉ። አልኳችሁ እኮ፣ ወረፋ ያከብራሉ። መጨረሻ ፓይለቱ ቀረ። ፋኖሱን አነሳና ለቫልበርት አስያዘው። ቆቡን አወለቀ፣ ሰው ደጃፍ ላይ እንደሚያወልቅ። ይቅርታ አለና ገባ።

ኦቲሊ አልተኛችም ነበር። ኮቴውን ሰማች። የታወቀው ኮቴ ነው፣ ግን ከባድ ነበር፤ የጣቢያው ደረጃ በክብደቱ ሲንቋቋ ሰማች። ሰውየው በሩን አንኳኳ። በሃያ ሁለት ዓመት የራሱን በር አንኳኩቶ አያውቅም።

«ማነው?» አለች።

ከበሩ ውጭ ስምንት ድምፅ ባንድ ጊዜ መለሰላት።

«እኛ ነን።»

የባሏ ድምፅ ከስምንቱ መካከል አልነበረም።

ምነው ተያያዛችሁ? ቆዩ፣ አላለቀም። በሳምንቱ ለፓይለቱ ሚስት አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ወረቀቱ የጣቢያው ነው። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ተቃጠለው ካርታ አንድ ሳይቀር ተጽፏል። ሴትዮዋ ይዛው ቢሮ ለቢሮ ዞረች። በመጨረሻ ጋዜጣው «ሰካራም» ያለውን አነሳ፤ ልጆቿም ያባታቸውን ስም ሳያፍሩ መጥራት ጀመሩ። ደብዳቤውን የጻፈው ጠባቂው እንደሆነ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ግልጽ ነበር። ሴትዮዋ ግን እስክትሞት ድረስ አልተቀበለችም። የባሏን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለችና።

በሉ እንግዲህ፣ የምትሄዱ ሂዱ። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያልቅ ማታ ብቻችሁን አትሂዱ ብሎ መምከር ያባት ነው። እኔ እንኳ አልመክርም። ቫልበርት ከዚያ ማታ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፣ በየምሽቱ ያንን መንገድ ሄደ፤ ብቻውን ግን አንድ ቀን ሄዶ አያውቅም።